ከጋራዡ ደጅ፦ ጠዋት ከሞተሩ ሥር የሚታየው አረንጓዴ ውሃ



በዛሬው ዓምዳችን የምንመልሰው ከአንዲት እናት የደረሰንን ደብዳቤ ነው። እኚህ እናት ከነቤተሰባቸው ከጎንደር ከመጡ ገና ሦስት ዓመታቸው ነው። የበኩር ልጃቸው ያገለገለ ካትኖዓ ገዝቶ፣ ምግብ ለየቤቱ እያደረሰ፣ ቤቱን ይደግፋል። ደብዳቤያቸው አጭር ነው። «ልጄ ማታ ማታ ሞተሩን ከሕንፃው መግቢያ ላይ ያቆመዋል። ጠዋት ስወጣ ከሥሩ አረንጓዴ ውሃ ተንጠባጥቦ አያለሁ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ‹ምንም አይደለም፣ ውሃ ጨምሬበታለሁ› ይለኛል። ግን በየቀኑ ነው የሚጨምረው። ታናናሾቹ ደግሞ የሚጫወቱት እዚያው መግቢያው ላይ ነው። ነገሩ በእውነት ያሰጋል ወይስ እኔ ነኝ ፈሪዋ?» ይላሉ።

እህቴ፣ ፈሪ አይደሉም። ልጅዎም ቢሆን ሥራው እንዳይቋረጥበት ብሎ ነው እንጂ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ስለዚህ መልሴ ለሁለታችሁም ነው፤ መጀመሪያ ለእርስዎ፣ ቀጥሎ ለእሱ።

ያ አረንጓዴ ፈሳሽ ውሃ ብቻ አይደለም። በዕብራይስጥ ኖዜል ኪሩር ይባላል፤ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ማለት ነው። በአብዛኛው የሚሠራው ኤቲሊን ግላይኮል ከሚባል ነገር ሲሆን ይህ ነገር መርዝ ነው። ክፋቱ ደግሞ ጣፋጭ ነው። ሕፃን ጣቱን ነክሮ ቢልሰው አስጠልቶት አይተፋውም፤ ውሻና ድመትም እንዲሁ ይልሱታል። የጠጣው ሰው መጀመሪያ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ከዚያ የተሻለው ሊመስል ይችላል፣ በኋላ ግን ኩላሊቱ ይጎዳል። ልጅ ጠጣው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሕመሙ እስኪታይ አትጠብቁ። እንዲያስታውክ አታድርጉት፣ የቤት መድኃኒትም አትስጡት። ወዲያው ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ፤ የፈሳሹን ጠርሙስም ለሐኪሞቹ ለማሳየት ያዙ። በሃይፋ ራምባም ሆስፒታል ሌሊትና ቀን የሚሠራ የመርዝ መረጃ ማዕከል ስላለ ሐኪም ምን እንደሚያደርግ ከዚያ መጠየቅ ይችላል።

ለዛሬ ግን ሥራው ቀላል ነው። የፈሰሰውን በአሮጌ ጨርቅ አምጥጡ፣ ጨርቁን በፌስታል አስራችሁ ጣሉ፣ ቦታውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ። ሞተሩ እስኪጠገን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቁም። የተረፈ ፈሳሽ ደግሞ በኮካ ወይም በጭማቂ ጠርሙስ አይቀመጥ። ይህን የምለው በስንቱ ቤት በረንዳ ላይ አይቼው ስለ ደነገጥሁ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ልመለስ።

ልጄ፣ ሞተርህ ቤንዚን ሲያቃጥል ከሚወጣው ኃይል ጎማውን የሚያዞረው ትንሹ ክፍል ነው፤ ትልቁ ክፍል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ያን ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣው ፈሳሹ ነው። የውሃ ፓምፑ ይገፋዋል፣ በሞተሩ ግድግዳ ውስጥ ይዞራል፣ ሲሞቅ ተርሞስታቱ መንገድ ይከፍትለታል፣ በላይኛው ቱቦ ወደ ራድያተሩ ይሄዳል፣ ነፋስ መትቶት በታችኛው ቱቦ ይመለሳል። ተርሞስታት በብዙ ሞተሮች ላይ የሚከፈተው በ80 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንተ ግን ራምዞር ላይ ቆመህ ነፋስ በማታገኝበት ጊዜ ሙቀቱ ከዚያ በላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ማራገቢያው በራሱ ተነሥቶ ይዞራል። ድምፁን ሳትሰማው አትቀርም።

ታዲያ ፈሳሹ 100 ዲግሪ ሲደርስ ለምን አይፈላም? እናትህ ጎንደር ሳሉ ሽምብራ ለመቀቀል ስንት ሰዓት ይፈጅባቸው እንደ ነበር ጠይቃቸው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች እዚያ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚህ ባሕሩ ዳር በ100 ይፈላል። በሲር ላኻጽ ደግሞ ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዘው ውሃው ከ100 አልፎ ይሞቃል፤ ሽምብራውም ቶሎ ይበስላል። የሞተርህ ራድያተር ሲር ላኻጽ ማለት ነው። ክዳኑ ላይ 1.1 ወይም ለዚያ የተጠጋ ቁጥር ተጽፎ ታያለህ፤ ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። በዚያ ግፊት ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ፈሳሽ ከ120 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይፈላም።

እንግዲህ ያን ክዳን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ብትከፍተው ምን እንደሚሆን ልንገርህ። በፈረንጆች 1992 ጁላይ ላይ እኔ ገና አዲስ መጤ ሆኜ በአንድ ሙሳክ ረዳት ነበርሁ። ሞተር ሳይክል ሞቆ መጣ። ጨርቅ ይዤ «እሩብ ዙር ብቻ» ብዬ ክዳኑን ጠመዘዝሁት። ግፊቱ በለቀቀ ቅጽበት ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈላና ወጣ። ግራ ክንዴ ላይ እስከ ክርኔ ድረስ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ የራሴ ችኮላ ነበር። ፊቴን ዞር አድርጌ ስለ ነበር ዓይኔ ተረፈ። ስለዚህ ክዳኑ የሚከፈተው ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ቢያንስ ራድያተሩን በባዶ እጅህ ያለ ሥጋት መንካት እስክትችል ድረስ ጠብቅ።

የቧንቧ ውሃ እየጨመርህ ነው አሉ እናትህ። አንድ ቀን፣ መንገድ ላይ ተቸግረህ ከሆነ፣ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ቤት ለመድረስ ያህል አይከፋም። በየቀኑ ሲሆን ግን ፈሳሹን እያቀጠንኸው ትሄዳለህ። የሚፈላበት ዲግሪ ይወርዳል፣ ዝገት የሚከለክለው መድኃኒትም ይሳሳል። የዚህ አገር ውሃ ደግሞ ኖራ አለበት። ሻይ የምታፈሉበትን ኩምኩም ውስጡን እየው፤ ያ ነጭ ነገር፣ አቫኒት የሚሉት፣ በራድያተሩ ቀጫጭን መተላለፊያ ውስጥም ይጋገራል። ከሁሉ በላይ ግን ውሃ መጨመር ቀዳዳ አይደፍንም።

ቀዳዳው የት ነው? ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፍ፤ የፊት ጎማው ያለበትን ጎን ምልክት አድርግበት። ጠዋት ጠብታው የወደቀበት ቦታ ብዙ ይነግርሃል። ከፓምፑ ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ የሚንጠባጠብ ከሆነ የፓምፑ ማኅተም ስላለቀ ቱቦ መቀየር አይጠቅምህም፤ ወደ ሙሳክ ውሰደው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከጎማ ቱቦዎቹ ወይም ከማሰሪያቸው ነው። ቱቦው በዕብራይስጥ ጺኖር፣ ማሰሪያ ቀለበቱ ኻቫክ ይባላል። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ቱቦዎቹ አጫጭር ናቸው። በትልልቅ ካትኖዓዎች ላይ ግን ራድያተሩ ከፊት ጎማው ኋላ፣ ሞተሩ ከመቀመጫው ሥር ስለሆነ፣ መስመሩ ከእግር ማሳረፊያው በታች ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሌሎች ደግሞ ራድያተሩ ከሞተሩ ጎን የተለጠፈባቸው አሉ። ያንተ የትኛው እንደሆነ አንተው እይ።

ጎማ ቱቦ የሚያታልል ነገር ነው፤ ከውጭ ጥቁርና ደህና መስሎ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፈሳሹና በሁለቱ ጫፎቹ ያለው ብረት ባንድነት እንደ ደካማ ባትሪ ሆነው ጎማውን ከውስጥ ይበሉታል፤ ስንጥቁም በአብዛኛው የሚጀምረው ከጫፎቹ አጠገብ፣ ከማሰሪያው ጥቂት ጣት ገባ ብሎ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቱቦውን መጀመሪያ መካከሉን፣ ቀጥሎ ጫፉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨመቅ ጨመቅ አድርገው። ጫፉ ከመካከሉ ይልቅ ከላላብህ፣ ወይም ከውስጥ እንደ ቦይ ያለ ክፍተት ከተሰማህ፣ ቀይረው። እንደ ደረቀ ቆዳ ከደረቀና ሲታጠፍ ከተሰነጠቀም ቀይረው። ካበጠና ከተጣበቀ ዘይት ነክቶታል ማለት ስለሆነ ዘይቱ ከየት እንደመጣም ፈልግ። በማሰሪያው ዙሪያ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ደርቆ ካየህ ደግሞ ፈሳሹ ቀስ በቀስ እያመለጠ ነው።

በኪሎ ሜትር ብቻ አትመን። ሞተሩ ብዙ ባይሄድም ጎማ በዕድሜውና በሙቀት ያረጃል። ፈሳሹን የፋብሪካዎቹ መጻሕፍት በብዛት በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ ቀይሩ ይላሉ፤ ያንተው ሞተር መጽሐፍ የሚለውን ተከተል። ያገለገለ ገዝተህ የሻጩን ቃል ብቻ ከሰማህ ግን ፈሳሹ ተቀይሮ አያውቅም ብለህ ጀምር። ቱቦ ስትቀይር ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ቀይር፤ ያረጁት አብረው ነውና። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ፈሳሽ ያለቀበት ሞተር በሙቀት ብዛት የራሱ ክዳን ይጣመማል፣ በመካከሉ ያለው ጓርኒሲዮን ይበላሻል፤ ያን ጊዜ የሚከፈለው የቱቦ ዋጋ ሳይሆን የሞተር ዋጋ ነው። ሥራ ፈትተህ የምትቀመጥበትን ሳምንት ሳልቆጥር።

ወደ መለዋወጫ ሱቅ ስትሄድ ሪሽዮን ሬኼቩን ያዝ። የሥሪት ዓመቱና የሻሲው ቁጥር እዚያ ስላለ ትክክለኛው ቱቦ በእሱ ይገኛል። «ጺኖር ራድያቶር ዔልዮን» ብትል የላይኛውን፣ «ታኽቶን» ብትል የታችኛውን ይሰጡሃል። «ኻቫኪም»፣ ማለት ማሰሪያዎቹንም አዲስ ግዛ። ሻጩ «ሜኮሪ ወይስ ታኽሊፊ» ይልሃል፤ ከፋብሪካው የመጣ ወይስ በሌላ የተሠራ ማለቱ ነው። ደህና ሥራ የሆነ ታኽሊፊ ቱቦ ክፉ አይደለም። የማልስማማው ቀጥ ያለ ቱቦ በሜትር ቆርጦ ማስገባት ነው። ያንተ ቱቦ ክርንና አንገት ያለው ሆኖ የተቀረጸ ነው፤ ቀጥ ያለውን ስታጥፈው ይታጠፍና መንገዱን ይዘጋል።

ፈሳሹን ስትገዛ በቀለሙ አትመራ። አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ የሻጮች ምርጫ እንጂ ሕግ አይደለም። ጠርሙሱ ላይ ለአሉሚኒየም ሞተር እንደሚሆን የሚገልጽ ይኑርበት። ሞተር ሳይክል ላይ ሲሊኬት የሌለበትን መምረጥ ይሻላል፣ ሲሊኬት የፓምፑን ማኅተም ይፍቃል ይባላልና። የተቀላቀለና ለመሙላት የተዘጋጀ አለ፤ ለጀማሪ እሱን እመክራለሁ። ድፍኑን ከገዛህ ግን ግማሽ በግማሽ ከማይም መዙካኪም፣ ማለትም ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅለው።

ከዚህ በኋላ ሥራው የትዕግሥት ነው። እውነቱን ለመናገር በካትኖዓ ላይ ከቱቦው ይልቅ የሚያደክመው ፕላስቲኩን ማውለቅ ነው፤ ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ሰካ፣ ከማውለቅህ በፊትም በስልክህ ፎቶ አንሣ። አሮጌው ፈሳሽ በባልዲ ይቀበል፤ ወደ አፈርም ወደ ፍሳሽም አይደፋ፣ ዘይት ወደሚሰበስብ ሙሳክ ውሰደውና ይቀበሉህ እንደሆነ ጠይቅ። የማሰሪያውን ቀለበት በፒንሳ ወይም በካቻቪቴ አላላው። ቱቦው ደርቆ ከተጣበቀ ካቻቪቴ ከሥሩ አስገብተህ አትፈልቅቀው። የራድያተሩ አፍ ስስ አሉሚኒየም ነው፤ ከጫርኸው አዲሱም ቱቦ ያንጠባጥባል። አሮጌው ቱቦ ተጣይ ስለሆነ በቢላዋ በቁመቱ በጥንቃቄ ሰንጥቀህ እንደ ሙዝ ልጣጭ አውጣው። ከዚያ አፉ ላይ የተጋገረውን በጨርቅ ጥረግ።

አዲሱ አልገባ ካለህ ጫፉን በዚያው በማቀዝቀዣ ፈሳሽ አርጥበው እንጂ ዘይት ወይም ቅባት አትቀባው፤ ዘይት ጎማውን ያሳብጠዋል። ማሰሪያውን በመጀመሪያ ቱቦው ላይ አግባው፣ ከዚያ ቱቦውን እስከ መጨረሻው ግፋው። በብረቱ አፍ ጫፍ ላይ ከፍ ያለች ቀለበት አለች፤ ማሰሪያው ከእሷ ወዲያ፣ ወደ ራድያተሩ በኩል መቀመጥ አለበት። በእሷ ላይ ከተቀመጠ ግፊት ሲመጣ ይንሸራተታል። በካቻቪቴ የሚጠብቀውን ዓይነት አታብዛው፤ ጎማው በማሰሪያው ዳርና ዳር ሊወጣ ከጀመረ በዝቷል። ቱቦው ከጭስ ማውጫው ጋር እንዳይነካካ፣ መሪው ሲዞርም እንዳይቆነጠጥ እይ።

አሞላሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቱቦዎቹ ባዶ ስለ ነበሩ ውስጣቸው አየር አለ፤ አየር ካልወጣ ፓምፑ የሚገፋው ፈሳሽ ያጣል፣ ሞተሩም ሙሉ እየመሰለህ ይቃጠላል። ሞተሩን ሜዳ ላይ አቁም፣ ቀስ አድርገህ ሙላ፣ ቱቦዎቹን በእጅህ ጨመቅ ለቀቅ እያደረግህ አየሩን አባር። አንዳንድ ሞተር ከፍ ባለው ቦታ ላይ አየር ማውጫ ብሎን ስላለው አረፋ የሌለበት ፈሳሽ እስኪወጣ ድረስ አላላውና ዝጋው። ከዚያ ክዳኑ ክፍት እንዳለ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በዝቅተኛው አስነሣ። ፈሳሹ ሲወርድ ጨምር፣ አረፋው ሲያልቅና ሳይግል ዝጋ። የመጠባበቂያውን ዕቃ በዝቅተኛውና በከፍተኛው መስመር መካከል ሙላ። ይህ ሁሉ በር ተከፍቶ፣ ደጅ ላይ ይሁን፤ ጭሱ በተዘጋ ቦታ ይገድላል። ዞር ዞር ብለህ መጥተህ አሳድረው፣ ጠዋት ሲበርድ ደግመህ እይ፤ ትንሽ መጉደሉ የተለመደ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው እንክብካቤ ብዙ አይደለም። የራድያተሩን ክንፎች ነፍሳትና አቧራ ስለሚደፍኑት በለስላሳ ውሃ እጠባቸው፤ መኪና የሚያጥቡበትን ኃይለኛ ውሃ አታስጠጋው፣ ክንፎቹን ያጣምማል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ክዳኑን ቀይር። የሞተሩ ዘይት ወተት ጠብ ያለበት ቡና ከመሰለ ፈሳሹ ወደ ዘይት ገብቷልና አታስነሣው።

መንገድ ላይ ሳለህ የሙቀቱ ቀይ መብራት ከበራ ደግሞ፣ ልጄ፣ «ይህችን አንዷን ላድርስና» አትበል። ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ደንበኛው ይቆጣል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን የዚያ መብራት ትርጉም አሁን አቁም ነው። ዳር ይዘህ አጥፋው። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስስበት። ፈሳሹ እየፈሰሰ ከሆነ የኋላ ጎማህን ዳስሰህ እየው፤ ያ ፈሳሽ ያንሸራትታል፣ ጎማውን ካራሰው መዞሪያ ላይ የምትወድቀው ሳታውቀው ነው። ኻምሲን በሚነፍስበት ቀን ከመውጣትህ በፊት የመጠባበቂያውን ዕቃ አንዴ አየት ማድረግ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም።

ደብዳቤው እንደ ደረሰኝ ይህንኑ ለልጁ በስልክ ነግሬው ነበር። አርብ ጠዋት ከጎረቤቱ ጋር ሆነው ቀየሩት። የታችኛውን አሮጌ ቱቦ ሰንጥቆ ውስጡን ሲያየው ከማሰሪያው አጠገብ ሦስት ስንጥቅ አገኘ፤ አንደኛው ሊያልፍ የቀረው ስስ ነገር ነበር አለኝ። ከውጭ ግን አዲስ ይመስል ነበር። እሑድ ጠዋት ካርቶኑ ላይ የሳንቲም ያህል ጠብታ አየና ደወለልኝ፤ ሞተሩ እንደ በረደ የላይኛውን ማሰሪያ ሩብ ዙር አጠበቀው። ሰኞ ካርቶኑ ደረቅ ነበር። እናቱ ግን እስካሁን አላነሡትም፤ ማታ ማታ ራሳቸው ወርደው ያነጥፉታል አለኝ።